የወደቀችው «ማ»

መጀመሪያ የወደቀችው «ማ» ነበረች፣
በነሐሴ ሌሊት፣ በነፋስ ተገፍታ፣ ደጃፉ ጭቃ ላይ አረፈች።
ሲነጋ ሰፈሩ አንጋጦ ሲያነብ
«ሲኒ ጎህ» ብሎ ሳቀ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ።
«ሲኒማው ተሸጦ ሲኒ ቤት ሆነ!» አለ በረኛው ደባልቄ፤
እኔም ከልጆቹ መሀል ነበርኩ፣ ሆዴን ይዤ ስቄ።

ከዚያ ወንበሩ ሄደ፣ መጋረጃው ሄደ፣ ጣሪያው ታመመ፣
ሠላሳ ክረምት እንዲሁ ቆመ፤
አንዴ የሲሚንቶ መጋዘን፣ አንዴ የድግስ ዕቃ ማከራያ፣
አንዴ የቀበሌ አዳራሽ፣ ኋላም የእርግብ ማደሪያ።

ባለፈው ጥቅምት ሁለት ወጣቶች ቀይ ቀለም ይዘው መጡ፣
ቁጥር ጽፈው በክብ አጥረው፣ ለጠየቃቸው ሳይመልሱ ወጡ።
ያንን ቀይ ሰፈሬ ያውቀዋል፤
ጎረቤቱ ግቢ ቁጥር ወጥቶለት ዛሬ አስፋልት ሆኗል።
የእሪ በከንቱ ሰው አይጮህም፤ የጩኸትን ዋጋ ከስሙ ተምሯል፤
ማመልከቻ ይጽፋል።

እሁድ በእድሩ ስብሰባ እትዬ ትርፌ ተነሡ፣
ያኔ ትኬት ቆራጭ፤ ዛሬም ጣታቸው ሳንቲም ይቆጥራል ሲያወሱ።
«ገንዘብ አለን፤ ጣሪያው ይጠገን» ሲሉ
ዳኛው መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ጥቂት ዝም አሉ፤
«እድር መቅበር እንጂ ማስነሣት የት ተጽፎበታል?
ደንቡን ግለጡ! ላልሞተ ምን ይሰጠዋል?»
«ሞቷልኮ!» አለ አንዱ ከኋላ።
«ከሞተማ ይቀበር፤ ምን ያጣላ?»
እንዲህ ሲባባሉ መሸ። ገንዘቡ ተከለከለ።
ድንኳኑን ግን አበደሩን፤ «እስከሚቀጥለው ለቅሶ» ተባለ።

ስንት ሐዘን ያስጠለለው የእድራችን ድንኳን
ቆርቆሮው ላይ ተወጠረ፣ ደፈነልን ቀዳዳውን።
ከድር ሱቁን ዘግቶ ሦስት ቀን የወንበር እግር በየደ፣
ልብስ ሰፊው የሺጥላ አምስት አንሶላ አጋጥሞ አንድ ግድግዳ ነጭ ወለደ።
ልሳነወርቅ፣ መሣሪያ ነጂው፣ ዐይኑን ሞራ ጋርዶታል፤
ፕሮጀክተሯን በዳበሳ ፈታት፣ ብሎን ሁሉ በስም ይጠራል።
«ጥርሷ ተሸርፏል፣ ፊልም ታኝካለች» ይላል፣
እንደ አሮጊት በቅሎ አፏን ከፍቶ።

እኔ በሽቦ ብሩሽ ቀለም ስፍቅ
ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ነበር፣ እንደ ዓሣ አጥንት የማይለቅ።
እትዬ ትርፌ አንጋጠው «ያቺን ማ የወሰዳት ማ ይሆን?» አሉ፤
«ቆራሌው ነዋ፣ ሌላ ማ አለ!» ልጆቹ ይመልሳሉ።

ቆራሌው ነው። ለቆራሌው ግን ማ ሰጠው?
አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፣ ከደረቱ አቅፎ ወስዶ የሸጠው።
በሃምሳው ሳንቲም ትኬት ቆረጥሁ፣ ከትርፌ መስኮት፣
ሲኒማውን በገዛ ቆርቆሮው ገዝቼ አየሁት።
ፊልሙን ረሳሁት። ዝናብ ነበር፣ ፈረስም ነበር፤
የሳንቲሙ ሽታ ግን እስከ መስከረም መዳፌ ላይ ያድር ነበር።

ለከድር ብቻ ነገርኩት። የብየዳ መነጽሩን ሳያወልቅ ሰማኝ፤
«በርሜል አምጣ» አለኝ።
ሁለት ዐይን ቀደድንላት፣ አንድ እግር ተውንላት፤
ከእህቶቿ ታንሳለች፣ ወደ ግራም ያዘነብላታል፣
«የምግብ ዘይት» የሚል ጽሑፍ ከጎኗ ይነበባል።

ቅዳሜ ማታ ሰፈሩ ገባ።
የእድር አግዳሚ፣ የእድር ድንኳን፤ አንዳንዱ ከልማድ
«እግዜር ያጽናችሁ» ሊል ቃጣው።
ልሳነወርቅ ቁልፉን ጫነ፣ መሣሪያዋን ሁለቴ አሳላት፤
ብርሃን መጣ። ሥዕል አልመጣም። ጥርሷ አላስቻላት።
ነጭ ብቻ፤ የአንሶላው ስፌት፣ የአንዲት የእሳት ራት ጥላ።
አንድ ልጅ ተነሥቶ በእጁ ውሻ ሠራ፣ ጥንቸል ሠራ ሌላ፤
በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ግመል ሠሩ። ሳቅን።
ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድብ፣ የወጣ የለም፤ እዚያው ቆየን።

ቀዩ ቁጥር አለ። ከወረዳው መልስ አልመጣም።
ሰኞ ለቅሶ ቢኖር ድንኳኑ ይሄዳል፤ ደንብ ነው፣ አይቀርም።
ስወጣ ቀና አልኩ፤ የበርሜሏ ማ በነፋስ ትንቀጠቀጣለች፣
በአንድ እግሯ ቆማ «ማ?» ትላለች።
«እትዬ ትርፌ፣ ያኔ ያቺን...» ብዬ ሳልጨርስ፣ ቁልፉን አዞሩ፤
«ሸሚዝህ ላይ የጭቃ ማ ነበረች» አሉኝ፤
ጃንጥላቸውን ዘርግተው ዳገቱን ጀመሩ።